ሶሻሊዝምና የገበሬው ማሳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ሶሻሊዝም ማለት መሬት፣ ፋብሪካና ባንክን የመሳሰሉ ዋና ዋና የማምረቻ መሣሪያዎች ከግለሰብ ይዞታ ወጥተው የኅብረተሰቡ የሚሆኑበት፣ ምርትም በገበያ ሳይሆን በዕቅድ የሚመራበት ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ መተባበር ሁሉ ሶሻሊዝም አይደለም። ደቦና ወንፈል ቃሉ ከመሰማቱ በፊትም ነበሩ።

ይህ ሥርዓት ያዋጣል ወይ? ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም፤ የኢትዮጵያ ገበሬ በማሳው አይቶታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ለባለ መሬት ይገብር የነበረው ጭሰኛ ላቡ ለራሱ ስለሆነለት በደስታ ተቀበለው።

ቀጥሎ አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ። በማልባ መሬቱ፣ በወልባ ደግሞ በሬውና የእርሻ መሣሪያው ጭምር የጋራ ሆነ። ማዳበሪያው ለእነርሱ በቅድሚያ ቢሰጥም አባሉ የሚያገኘው በሥራ ነጥብ ስለነበር፣ ተግቶ የዋለውና ቀኑን የገፋው የሚለዩበት መንገድ ጠበበ። እህሉም መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ ይሸጥ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ገበሬው በሬውንና ማሳውን ተካፍሎ ወደ ግል እርሻው ተመለሰ።

ያልሠራው መተባበሩ አይደለም። ወንፈል እስከ ዛሬ የዘለቀው ዛሬ የአንዱ ማሳ ቢታረስ ነገ የሌላው እንደሚታረስ ስለሚታወቅ ነው። በአምራች ማኅበራቱ ግን ውሳኔውም ፍሬውም ከአራሹ እጅ ወጣ።

አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ኅብረት ሥራን በፈቃደኝነትና በአባላት ቁጥጥር ላይ መሠረቱት። ማሳው የየአባሉ ይዞታ ሆኖ ግብዓት መግዛቱና ምርት መሸጡ የጋራ ነው። ሆኖም አዋጅ ብቻውን ማኅበር አያቆምም። ጠቅላላ ጉባኤው ሳይመክር ዋጋ ከተቆረጠ፣ አመራሩ ከላይ ከተመደበ፣ ሒሳቡ ሳይመረመር ዓመት ካለፈ፣ ስሙ ዩኒየን ቢባልም የትናንቱ ችግር ተመልሷል ማለት ነው።

ስለዚህ የአስተዳደር አካላትና ባለሙያዎች ያማክሩ፣ ሒሳብ ያስመርምሩ፤ ውሳኔውን ግን ለአባሉ ይተዉ። አባሉም ጉባኤ ሲጠራ ይገኝ፣ ትርፍና ኪሳራውን ይጠይቅ። ማኅበር የሚጸናው ባለቤቱ ሲቆምለት ነው።

መልካም በዓል!