ተማሪው በዕረፍት ጊዜ፤ ጃዋሃርላል ኔህሩ በኖርዌይ ተራራ



ስለ ትምህርት በሚደረግ ጉባኤ ሁሉ ስለ ክፍሉ፥ ስለ መጽሐፉና ስለ ፈተናው ብዙ ይነገራል። ተማሪው ደብተሩን አጥፎ፥ የትምህርት ቤቱን በር ትቶ ስለሚሄድበት ስለ ዕረፍት ጊዜ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ከአገሩ ርቆ በባዕድ አገር ለሚማር ወጣት ደግሞ ዕረፍቱ ራሱ አንድ ጭንቀት ነው። የአገሬው ልጆች ወደ እናት ወደ አባታቸው ሲበተኑ እሱ የሚገባበት ቤት የለውም። ወይ ሰው በሌለበት የተማሪዎች መኖሪያ በመስኮት እያየ ይከርማል፥ ወይ ከባልንጀሮቹ ጋር አገር ሊያይ ይወጣል። ሁለተኛውን ከመረጡት ተማሪዎች አንዱ ሕንዳዊው ጃዋሃርላል ኔህሩ ነበር፤ በዚያም መንገድ ላይ ሕይወቱ ለጥቂት ተርፋለች።

በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የሚነገረውም በመጀመሪያ ስለ ተማሪው ስለሆነ፥ ለኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚገባው አንቱታ ጊዜው እስኪደርስ ይቆየው።

ጃዋሃርላል በ1889 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ አላሃባድ ትባል በነበረችው ከተማ ተወለደ። አባቱ ሞቲላል ኔህሩ ስመ ጥር የሕግ ጠበቃና ባለጸጋ ነበሩ። ልጃቸውንም በ1905 ዓ.ም. በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወስደው ሃሮው በሚባለው ትምህርት ቤት አስገቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1907 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ በካምብሪጅ ዩኒቬርሲቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ኬሚስትሪን፥ የሥነ ምድርንና የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ። በተማሪዎች የክርክር ማኅበር ውስጥ አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት ሳይናገር ያለፈ አባል መቀጫ ይከፍል ነበር፤ ይህ ወጣት መቀጫውን ደጋግሞ ከፍሏል። በኋላ ሚሊዮኖች ሊሰሙት የሚሰበሰቡለት ሰው በተማሪነቱ አፉን ለመክፈት የሚያፍር ልጅ እንደነበረ ማወቅ ለመምህር ሁሉ ይጠቅማል። ዝም የሚለውን ተማሪ ባዶ ነው ብሎ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር መምህር ጥቂት አይደለምና።

ከእንግሊዝ አገር ወደ ሕንድ የሚያደርሰው የመርከብ ጕዞ ሳምንታት ስለሚፈጅ፥ በየዕረፍቱ ወደ ቤት መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ዕረፍቶቹ በመንገድ አለፉ። በ1907 ዓ.ም. በበጋ አየርላንድን ጐበኘ፤ በዚያም የአየርላንድ ሰዎች የራሳቸውን አስተዳደር ለማግኘት የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ አይቶ ነገሩ ልቡን ስለ ነካው ለአባቱ ጻፈላቸው። በ1909 ዓ.ም. ከአባቱ ጋር በርሊን ሳለ የካውንት ዘፔሊን የአየር መርከብ ከደቡብ ጀርመን ተነሥቶ ከተማይቱ ሲደርስ ተመለከተ። ካይዘሩ በተገኘበት በዚያ አቀባበል የተሰበሰበው ሕዝብ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይገመት እንደነበር ኋላ ጽፎታል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኮምት ደ ላምቤር በአውሮፕላን ሆኖ የኤፌልን ግንብ ሲዞር አየ። ገና በሃሮው ሳለ ስለ በረራ ሲሰማ፥ በሳምንቱ መጨረሻ በአየር መጥቼ የምጠይቅዎት ጊዜ ሩቅ አይደለም ብሎ ለአባቱ ጽፎ የነበረ ልጅ ነው። ካምብሪጅ ያስተማረችው ሳይንስ የዓለምን ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት፥ በዚያ ሜዳ ላይ ከሕዝቡ ጋር አንገትን አቅንቶ መቆም ያስፈልግ ነበር።

በ1910 ዓ.ም. ጃዋሃርላል በሁለተኛ ደረጃ ማዕርግ ዲግሪውን ተቀበለ። ወደ ለንደን ሄዶ የሕግ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባገኘው የዕረፍት ጊዜ ለሽርሽር በመርከብ ወደ ኖርዌይ ሄደ። ኖርዌይ የባሕር ውሃ እንደ ጣት እየተዘረጋ ወደ ተራራው ሥር የሚገባባት፥ በተራራው ራስ ላይም ዘመናት ያስቈጠረ የበረዶ ግግር ተጋድሞ የሚገኝባት አገር ናት። መንገደኞቹ ከመርከብ ወርደው ተራራማውን አገር በእግራቸው ያቋርጡ ነበር። ሙቀቱና ድካሙ አዝሎአቸው ወደ አንዲት ትንሽ ሆቴል ደረሱ። እንደ ደረሱም ገላ መታጠቢያ ጠየቁ። የሆቴሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። መታጠቢያ የለንም፥ ከፈለጋችሁ ግን በአጠገባችን የሚወርደው ወንዝ አለላችሁ አሏቸው፤ በልግስናም ትንንሽ የፊት ፎጣ ሰጧቸው።

ፎጣቸውን ይዘው ወደ ወንዙ የወረዱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ጃዋሃርላልና አንድ እንግሊዛዊ ወጣት። ወንዙ ከቅርቡ የበረዶ ግግር ሥር ወጥቶ እየጮኸ የሚወርድ ነው። ጃዋሃርላል ገባ። ውሃው ጥልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን እጅግ የቀዘቀዘ፥ የታችኛውም ድንጋይ ክፉኛ የሚያንሸራትት ነበር። እግሩ ከዳውና ወደቀ። ቅዝቃዜው አካሉን አደንዝዞ እጁንና እግሩን እንዳያዝዝ አደረገው፤ ተነሥቶ ለመቆም ቢሞክርም አልቻለም፤ ወንዙም እያዳፋ ወሰደው። እንግሊዛዊው እንደ ምንም ብሎ ወጥቶ በወንዙ ዳር እየሮጠ ተከተለው፤ በመጨረሻም እግሩን ይዞ ጐትቶ አወጣው። የአደጋውን ልክ ያወቁት በኋላ ነበር። ከ200 ወይም ከ300 ያርድ በኋላ ያው ወንዝ ከትልቅ ገደል አፋፍ ላይ እየተወረወረ ፏፏቴ ይሆን ነበር፤ ፏፏቴውም እንግዳ ሁሉ ሊያየው የሚመጣ የአገሩ ጌጥ ነበር።

ነገሩን ለሳይንስ መምህራን ትንሽ ማብራራት ይገባል። ከበረዶ ግግር ሥር የሚወጣ ውሃ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ እምብዛም አይበልጥም። ግግሩ በዝግታ ሲንሸራተት ዓለቱን እየፋቀ ይሄዳልና ወንዙ ዱቄት የመሰለ የደቀቀ ድንጋይ ይሸከማል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ እንደ ወተት ነጣ ይላል፥ እግር የሚያርፍበትም አይታይም። ሰው በድንገት እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፉም የክንዱና የእግሩ ጅማት ኃይሉን ያጣል። ዋናተኛ መሆን እንኳ ብዙ አይረዳም። ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ ወንዝ በበጋ ቀን ፀሐይዋ ግግሩን ስታቀልጠው ከጠዋቱ ይልቅ ከቀትር በኋላ ይሞላል፤ የደከመ መንገደኛ ለመታጠብ የሚፈልገውም በዚያው ሰዓት ነው። ጃዋሃርላል የሥነ ምድርን ትምህርት ተምሮ በማዕርግ ያለፈ ሰው ነበር፤ ቢሆንም በወንዙ ዳር ቆሞ ፎጣውን ሲያስቀምጥ ይህ ዕውቀት ሊጠብቀው አልመጣም። በፈተና ወረቀት ላይ ያለው ዕውቀትና በእግር ጫማ ሥር ያለው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ከዚህ ላይ አንቱታው ይመለስ። ጃዋሃርላል ኔህሩ ከዚያ ወንዝ ከወጡ በኋላ ለአገራቸው ነጻነት ሲታገሉ ብዙ ዓመት በእስር አሳለፉ፤ ከ1947 እስከ 1964 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩም ድረስ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ለኢትዮጵያ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ነገር አለ። በ1936 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካማላ በስዊስ አገር ከሞቱ በኋላ ኔህሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሮማ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ሙሶሊኒ ሊያነጋግራቸው እንደሚፈልግ ተነግሮአቸው አጥብቀው ቢለምኑአቸውም እንቢ አሉ፤ የኢጣሊያ ጦር በዚያው ወር በኢትዮጵያ ላይ ዘመቻውን ይገፋ ነበርና። ኀዘን የከበደው መንገደኛ ጨዋነት ይዞት ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ቢነሣ ማን ይፈርድበት ነበር? እሳቸው ግን ያን አንድ ሰዓት አልሰጡም።

እንግዲህ ያ እንግሊዛዊ ወጣት ማን ነበር? ኔህሩ የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉት በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. በወህኒ ቤት ሆነው ነው። ያሰሯቸውም የዚያው ወጣት ወገኖች፥ እንግሊዞች ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የብዙ ሰው ስም ተጽፎ ሳለ፥ ያዳናቸው ወጣት እንግሊዛዊ ተብሎ ብቻ ታልፏል። ረስተውት ይሁን ሌላ ምክንያት ይኑራቸው አልተናገሩም። ታሪኩን ግን አላስቀሩትም፤ በእንግሊዝ መንግሥት እስር ቤት ተቀምጠው በአንድ እንግሊዛዊ እጅ መትረፋቸውን ያለ ምሬትና ያለ ውዳሴ ጻፉት። በሃሮውና በካምብሪጅ አንድ ሕንዳዊና አንድ እንግሊዛዊ በአንድ ወንበር ይቀመጡ ይሆናል፤ ገዢና ተገዢ መሆናቸውን ግን ሁለቱም አይረሱትም። በኖርዌዩ ወንዝ ዳር አንዱ ተንሸራታች ሌላው ሯጭ ብቻ ነበሩ። ወደ ባዕድ አገር ለትምህርት የተላከ ተማሪ የአገሬውን ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ካላገኘው፥ ክፍል ውስጥ ጐን ለጐን ተቀምጦ ብቻ አያውቀውም።

ስለዚህ ተማሪን ከአደጋ ለመጠበቅ ዕረፍቱን በጥናት ሞልቶ ማሰር ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ትክክል ያልሆነ ሌላም አለ፤ እሱም ደወሉ ከተደወለ በኋላ ተማሪው የማንም አይደለም ማለት ነው። በኢትዮጵያ ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ክረምት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በኖርዌይ ወንዙን የሚሞላው የበጋ ፀሐይ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚሞላው የክረምት ዝናም ነው፤ ተማሪው ለዕረፍት የሚወጣው ግን በሁለቱም አገር ወንዙ በሞላበት ወራት ነው። ከላይ በደጋው የጣለ ዝናም በቆላው ፀሐይ እየበራ ሳለ በድንገት ደራሽ ሆኖ እንደሚወርድ የገጠር ልጅ ከአባቱ ይሰማል፤ የከተማ ልጅ ግን ማን ይነግረዋል? የሥነ ምድር መምህር ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት አንዲት ሰዓት ወስዶ ስለ ጐርፍና ስለ ወንዝ መሻገሪያ ቢያስተምር፥ ከመልካው ዳር የሚኖረውን ሰው ሳይጠይቅ ውሃ የሚገባ እንዳይኖር ቢያስጠነቅቅ፥ ያች ሰዓት ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የማታንስ ትሆናለች። በኖርዌይ የሆቴሉ ሰዎች ስለ ፏፏቴው አልተናገሩም፤ መንገደኞቹም አልጠየቁም። ደግነቱ ሁለት ሆነው ወረዱ።

ኔህሩ ከዚያ በኋላ ተራራን አልፈሩም። በ1916 ዓ.ም. በካሽሚር ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ለብዙ ሳምንት በተራሮች መካከል ዞሩ። ዞጂላ ከሚባለው በር አጠገብ ሲደርሱ የአማርናት ዋሻ 8 ማይል ብቻ ይርቃል ተባሉ። በመካከሉ በረዶ የሞላበት ትልቅ ተራራ እንዳለ ቢያውቁም ርቀቱ ምንም አልመሰላቸውም። አንድ የአካባቢው እረኛ መሪ ሆኖአቸው፥ በገመድ ተያይዘው፥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ለ12 ሰዓት ያህል ወጡ። ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ደም ይተፉ ጀመር፤ በረዶም መጣል ጀመረ። ከላይ ሰፊ የበረዶ ሜዳ ሲያገኙ ችግሩ ያለቀ መሰላቸው። አዲሱ በረዶ ግን በግግሩ ውስጥ ያሉትን ጥልቅ ስንጥቆች ሸፍኖአቸው ነበር። ኔህሩ ረግጠው ሲያልፉ በረዶው ከሥራቸው ተናደና ወደ ስንጥቁ ገቡ። ገመዱ ያዛቸው፤ የስንጥቁንም ዳር ጨብጠው ሲንጠለጠሉ ጐትተው አወጡአቸው። በኖርዌይ በገዛ ፈቃዱ የሮጠ ባልንጀራ ነበረ፤ በካሽሚር ግን ባልንጀራው ሁሉ አስቀድሞ በገመድ ታስሮአል። ጥቂት ከሄዱ በኋላም ስንጥቁ እየበዛና እየሰፋ፥ መሻገሪያም እየጠፋ ስለ መጣ፥ ደክመው ተመለሱ። ዋሻውን አላዩትም።

ወህኒ ቤት ሆነው ይህን ሲጽፉ ስለ ሌላም ጕዞ ያነሣሉ። በቲቤት ወዳለው ወደ ማናሳሮቫር ሐይቅና በአጠገቡ ወዳለው ወደ ካይላስ ተራራ ለመሄድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመኙ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የፖለቲካው ሥራ ያዛቸው፤ ተራራ በመውጣትና ባሕር በመሻገር ፈንታ የመንገድ ናፍቆታቸውን ወደ እስር ቤት በመመላለስ ማስታገሥ እንደ ሆነባቸው በቀልድ ይናገራሉ። ቢሆንም በክፍላቸው ተቀምጠው ጕዞውን ማሰናዳት አልተዉም፤ ይህን ከልካይ የለበትም ይላሉ።