የጠንካራ ኩባንያዎች ፈንድ እና የአዲስ አበባ ቆጣቢ

ኢቲኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ጠቅልሎ የሚይዝ፣ የራሱም ድርሻ እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ ነው። አንድ ድርሻ የገዛ ሰው ፈንዱ የያዛቸው ኩባንያዎች ሁሉ በጥቂቱ ባለቤት ይሆናል። በአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎችን የሚከተለው ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ቀረበ፤ የጆሃንስበርግን 40 ትልልቅ ኩባንያዎች የሚከተለው ሳትሪክስ 40 ደግሞ በ2000 ተጀመረ።

አንዳንድ ፈንዶች በትልቅነት ብቻ አይወሰኑም። ዕዳው ከራሱ ካፒታል አንጻር ዝቅተኛ የሆነ፣ ትርፉ ከዓመት ዓመት የማይዋዥቅ ኩባንያ ይመርጣሉ። ወለድ ሲንርና ሽያጭ ሲቀንስ ቀድሞ የሚንገዳገደው ባለዕዳው ነውና ምርጫው ተገቢ ነው። ሆኖም ጠንካራ ኩባንያም ከዋጋው በላይ ከተገዛ አያተርፍም፤ ገበያው ሁሉ ሲወድቅም አብሮ ይወድቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ ከሲሶ በላይ ወድቋል።

በአዲስ አበባ ግን፣ በተለይ በሲኤምሲና በቦሌ አካባቢ፣ የቁጠባ መደምደሚያ ቤት ነው። በአገር ውስጥ የሚሠራውም፣ ከውጭ ገንዘብ የሚልከውም ጥሪቱን በአንድ ቪላ ወይም አፓርታማ ላይ ያኖራል። ቤት ዋጋውን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ሳሎኑን ብቻ ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። የፈንድ ድርሻ ግን በሚፈለገው ልክ ይሸጣል።

በኢትዮጵያ የአክሲዮን ግብይት አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው በ1967 ዓ.ም. መንግሥት የግል ንብረት ሲወርስ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ሲሆን ገዳ ባንክ ተከተለ። ሁለቱም ባንኮች ናቸውና ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ባንኮችን ብቻ የያዘ ፈንድ ብዙ ስም ቢኖረውም አደጋው አንድ ነው፤ የሚገዛቸው መመሪያ አንድ ነው፤ የተበዳሪዎቻቸውም ንግድ በአንድ ምክንያት ይናጋል። ሲሚንቶ፣ መድን፣ መጠጥ፣ ቴሌኮም ሳይገቡበት ሚዛን አያገኝም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ለሽያጭ ካቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ሕዝቡ ገና መተማመን እንደሚፈልግ ያሳያል። መተማመኑ የሚመጣው በኦዲት ከተረጋገጠ ሒሳብ ነው፤ ያለ እሱ የ«ጠንካራ» መለኪያም የለም።

የውጭ ፈንድ መግዛት በአገር ውስጥ ላለ ነዋሪ በውጭ ምንዛሪ ደንብ የተገደበ ነው፤ በውጭ የሚኖረው ግን ባለበት አገር መግዛት ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ በዶላር የተያዘ ድርሻ በብር ሲተመን እጅግ ጨምሯል፤ ይህ ግን የኩባንያዎቹ ሳይሆን የምንዛሪው ውጤት ስለሆነ ለየብቻ መታየት አለበት።

ፈንዱ በየዓመቱ የሚወስደው የአስተዳደር ክፍያም ቀላል አይደለም። በዓመት 10 በመቶ የሚያድግ 100 ሺህ ብር ክፍያው 0.1 በመቶ ከሆነ በ20 ዓመት 660 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል፤ ክፍያው 1.5 በመቶ ከሆነ ግን 511 ሺህ ብር ገደማ ብቻ ይሆናል።