ሦስት ልጆች፣ ሦስት ፍላጎት፣ አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ ፊታችሁ ስንቆም ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ቅጣት እንደምንናገር ታውቃላችሁ። ዛሬም ከብር አንርቅም። ጉዳያችን ግን ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ስለ መሄድ ነው። ብዙዎቻችሁ «አዲስ አበባን አሳዩን ብለው ልጆቹ አስቸገሩን፤ የአንዱ ፍላጎት ከሌላው አይገጥም፤ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁን ነው ያዘጋጀነው።

እኛ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰዎች አዲስ አበባ የምንሄደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሕክምና ነው። ልጅ አብሮ ከሄደም ዘመድ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ ሰንብቶ ይመለሳል። ለልጆች ተብሎ መሄድ ቅንጦት ይመስለናል። «ለማዳበሪያ ያልበቃ ብር ለሽርሽር ይወጣል ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

መልሳችን ይህ ነው። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ቀን አዲስ አበባን ማየቱ አይቀርም። ከእኛ ጋር ካላየው ብቻውን ሥራ ፍለጋ ሄዶ ወይም ደላላ ወስዶት ያየዋል። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን «ቤት ሠራተኛ ትሆናለች»፣ «ዓረብ አገር ትሻገራለች» እየተባሉ ከየቀበሌው ሲወጡ አይተናል። መናኸሪያ ሲወርዱ የት እንዳሉ፣ ታክሲው ስንት እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። የደላላው እንጀራ ይህ አለማወቅ ነው። ከእናቷ ጋር ከተማውን በእግሯ የረገጠች፣ በእጇ ብር ቆጥራ የከፈለች ልጅ ግን የነገሯትን ሁሉ አታምንም። ስለዚህ ጉዞውን እንደ ሽርሽር ብቻ አንየው።

ብሩስ ከየት ይምጣ? ከማኅበሩ ብድር አይሁን። ብድር የምንወስደው በግ ለማድለብ፣ ዶሮ ለማርባት ወይም ለንግድ ነው፤ ያ ሥራ ራሱ ብሩን ይመልሳል። ጉዞ ብር አይመልስም። ስለዚህ ከመደበኛው ቁጠባ ሳንነካ ለብቻው እናጠራቅም። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉበትን ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ቤተሰቡ በሳምንት 250 ብር ቢያስቀምጥ በ48 ሳምንት 12,000 ብር ይሆናል። አከፋፈሉን እንዲህ አስልተነዋል፦

ለደርሶ መልስ መጓጓዣ 5,000 ብር፤
ለምግብ 2,500 ብር፤
ለከተማ ውስጥ መጓጓዣ 1,500 ብር፤
ለመግቢያ 600 ብር፤
ለልጆቹ ምርጫ ለእያንዳንዳቸው 400 ብር፣ በድምሩ 1,200 ብር፤
ለመጠባበቂያ 1,200 ብር።

ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው። የመናኸሪያውን ታሪፍና የመግቢያውን ዋጋ ጠይቃችሁ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት። መጠባበቂያው ግን ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አይነስ። ማደሪያ ያልጻፍነው ዘመድ ቤት እናርፋለን ብለን ነው። እንግዳ አምስት ሆኖ ሲመጣ ለከተማ ሰው ሸክም መሆኑን ግን አንርሳ። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ቅቤውን ይዘን እንሂድ፤ ከሦስት ሌሊትም አንለፍ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቤቱ ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ታስባለች። የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለ፤ ስልክ ፈቶ መግጠም ነው ሥራው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ትንሿ ደግሞ ሥዕል ትሥላለች፤ ብዙም አትናገርም። እናትየዋ የሱፍ ባና ትሠራለች፤ ገበያ ማየት ትፈልጋለች።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ እንጠይቅ። ሁሉም ባሉበት ከጠየቅን ታላቁ ይናገራል፣ ታናሹ «እኔም እንደ እሱ» ይላል። እያንዳንዱ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይጻፍ። ከዚያ ለሁሉም አንድ ሕግ ይኑር፦ የእያንዳንዱ ልጅ አንደኛ ምርጫ ይፈጸማል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ ላይ ከተገኘ ነው። የእናትና የአባት ምርጫም ይቆጠር። ለልጆቻችን ስንል የራሳችንን ካልጻፍን እናት ምንም የማትፈልግ ሰው ትመስላቸዋለች።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ከካርታ ጋር እናስተያይ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው ቦታዎቹ የተራራቁ ስለሚመስለን ነው። አንዱን መንገድ ተመልከቱ፤ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አምስት ኪሎ የብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ የምትታወቀው እዚያ ነው፤ የሠዓሊዎቻችን ሥራዎችም አሉ። ስድስት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ፣ የኢትኖሎጂ ሙዚየም ይገኛል። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ገበያው ነው። በአንድ ቀንና በአንድ መንገድ ታላቋ ዩኒቨርሲቲውን፣ ትንሿ ሥዕሉን፣ እናት ገበያውን አየች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀን የወንድየው ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ከወዳጅነት ፓርክ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወጥቶ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ማየት ይቻላል። ይህ ለሁላችንም ይሁን፤ በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ደጋ የዘመቱት አያቶቻችን ናቸውና። እንጦጦ ፓርክና በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው አንድነት ፓርክ ጊዜና ብር ከተረፈ ይጨመሩ። ሁሉንም ልይ ያለ ምንም ሳያይ ደክሞ ይመለሳል።

400 ብሩን በተመለከተ፣ ለልጁ በፖስታ አድርገን በእጁ እንስጠው። ጫማ ልግዛ ካለ ይግዛ፤ ለስልክ ዕቃ ካዋለው ያውለው። ከጨረሰ ግን አይጨመርለትም፤ ምን ላይ እንዳዋለውም ማታ ማታ በደብተር ይጻፍ። እኛ ማኅበር ውስጥ የተማርነው መዝገብ አያያዝ ወደ ልጆቻችን የሚሻገረው እንዲህ ነው።

ጊዜውን እንወስን። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ሥራውም ይበዛል። የግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ይሻላል። ከመንዝ የምንነሳ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን፣ ከዓለም ከተማ የምትነሱ ጀማን ተሻግራችሁ በለሚና በሙከጡሪ ነው መንገዱ። ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮችና ከዘመድ እናጣራ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቆይ፤ ብሩ መዝገባችን ላይ አለ፣ የትም አይሄድም።

ከተማ ስንገባ እያንዳንዱ ልጅ የተማሪ መታወቂያውን ይያዝ። ያረፍንበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የዘመዱን ስልክ ቁጥርም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ያስገባ፤ የስልክ ባትሪ ያልቃልና። በየቦታው ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ይነገር። ታላላቆቹን ታሪፍ ራሳቸው እንዲጠይቁ፣ አንድ ጊዜም መንገዱን እነሱ እንዲመሩ እንተዋቸው፤ እኛ ከኋላ እንከተል። ከመገናኛ እስከ ስታዲየም በቀላል ባቡር መሄድ ለዚህ ጥሩ ነው። በመጀመሪያ የጠቀስነው ደላላ የሚያሸንፈው መንገድ የማያውቀውን ነውና።

ለአዲስ አበባ አቅም የሌለን ደግሞ አለን። ያኔ መንገዱ ይጠር እንጂ ሕጉ አይቀየርም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ገበያም አለው፤ ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይገኛል። የመንዝ ጓሳም በራችን ላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፣ ከኛ ልጆች ግን ያላዩት ብዙ ናቸው። እዚያም ቢሆን ልጆቹ ይጠየቁ፣ ይጻፍ፣ ይቆጠር።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ለዚህ ጉዞ የናንተን ድጋፍ አንነካም። ብሩ ከአባላቱ ሳምንታዊ ቁጠባ የሚወጣ ነው፤ መዝገቡም እንደ ሌላው ሒሳባችን ለእይታ ክፍት ይሆናል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሥራ እንስጣችሁ። እያንዳንዳችን ልጆቻችንን ለየብቻ ጠይቀን፣ ሦስት ሦስት ምርጫቸውን በራሳቸው እጅ ጽሑፍ አስጽፈን እንምጣ። የሚፈልጉ አባላት የጉዞ ቁጠባ ገጽ በዚያው ዕለት እንከፍትላቸዋለን።