ማቅለጫው እንደ ድንጋዩ ይመረጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ግራና ቀኝ የቆሙት ፎቆች ጥንካሬ የሚጀምረው በሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ ምርመራ ነው። ኖራውን፥ ሲሊካውን፥ አሉሚናውንና ብረቱን በፍጥነት የሚለካልን የኤክስሬይ መሣሪያ ቢኖርም፥ እርሱ የሚያነበው ያቀረብንለትን ናሙና እንጂ ተራራውን አይደለም። ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ብቻ ከቀረበ የቅንጣቱ መጠንና የማዕድኑ ዐይነት ንባቡን ያዛቡታል፤ በኳርትዝ ያለው ሲሊካና በሸክላ አፈር ያለው ሲሊካ በመጠን እኩል ሳሉ ንባባቸው ይለያያል። ካናዳዊው ፈርናንድ ክሌስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናሙናውን ከቦራክስ ጋር አቅልጦ መስታወት ያደረገው ይህንኑ ልዩነት ለማጥፋት ነበር።

ዛሬ በቦራክስ ፈንታ የሊቲየም ቦሬቶች ገብተዋል። አንድ እጅ ናሙና ከዐሥር እጅ ማቅለጫ ጋር በ1050 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ቴትራቦሬት የአሲድ ጠባይ ስላለው ለኖራ ድንጋይ ይስማማል፤ ሲሊካ ለበዛበት ፑሚስ ግን ሜታቦሬት የሚያመዝንበት ድብልቅ ይሻላል። አንድ ጣሳ ገዝቶ ለሁሉም ድንጋይ ማዋል፥ በእኔ አስተያየት፥ ቁጠባ አይደለም። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲግል ከ100 ግራም 44 ግራሙ ጋዝ ሆኖ እንደሚሄድም በሒሳቡ ይታሰብ።

ድኝ ያለበት ማዕድን አስቀድሞ በናይትሬት ኦክሳይድ ካልሆነ የፕላቲነሙን ጽዋ ይበላዋል። የጽዋውን ዋጋ የምታውቁ ሥራ አስኪያጆች ከእኔ ይልቅ ትናገሩ ነበር።

አሁን ከሲሚንቶው ወጥቼ ወደ ጉጂ ልሻገር። የቀንጢቻ ዐለት ታንታለም ብቻ ሳይሆን ስፖዱሚን የተባለውን የሊቲየም ማዕድንም ይዟል። ታንታለሙን በቦሬት መስታወት መለካት ይቻላል። ሊቲየም ግን እጅግ ቀላል ንጥረ ነገር በመሆኑ የሚሰጠው ጨረር ደካማ ነው፤ መሣሪያችን አያየውም። ለማቅለጫነት የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው አለመታየቱ ነው! ቢታይ እንኳ ከማቅለጫው የገባው የድንጋዩን ይውጠው ነበር። የውጤት ወረቀቱ ስለ ሊቲየም ዝም ማለቱን «የለም» ብሎ ያነበበ ባለ ገንዘብ ያለውን ሀብት ትቶ ይሄዳል።

ሊቲየም ለሚፈለግበት ናሙና ሌላ ማቅለጫ፥ ማለትም ሶዲየም ፐሮክሳይድ፥ ያስፈልጋል። በፕላቲነም ሳይሆን በዚርኮኒየም ወይም በኒኬል ጽዋ ይቀልጣል፤ ከዚያ በአሲድ ሟሙቶ በፕላዝማ መሣሪያ ይነበባል። እንግዲህ ናሙና ተቀባዩ ክፍል ከረጢቱን ሲረከብ የሚፈለገው ታንታለም ይሁን ሊቲየም ላኪውን ይጠይቅ፤ መልሱንም ከመፈጨቱ በፊት በከረጢቱ ላይ ይጻፍ።