ከካሜራው በፊት ድምፁን!

(ቪዲዮ ለሚሠሩ ወጣቶች ከተደረገ አጭር ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)



ብዙዎቻችሁ «ጥሩ ካሜራ የለንም፣ በምን እንሥራ?» ትላላችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። የጎደለን ድምፅ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝም ወሬው ከያዛችሁ እስከ መጨረሻው ታያላችሁ። ንግግሩ ካልተሰማ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ታልፋላችሁ አይደል? አንድ የ80 ዓመት አባት በዓይናቸው ያዩትን ሊነግሯችሁ ሲቀመጡ ንፋስና የባጃጅ ጩኸት ቃላቸውን ከዋጠው፣ ያ ቃል ጠፋ። ነገ ዳግም ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ስለዚህ ነገሩ ቪዲዮ ማሳመር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አደራ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ማይክ ከአፍ በራቀ ቁጥር ከሰውየው ይልቅ ክፍሉን ይቀዳል። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ካላችሁ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ደረት ላይ ሰኩት፤ ጋቢ ወይም ነጠላ እንዳይነካካው ተጠንቀቁ። ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ተዋሱ። የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ካሜራው በማያሳየው ቦታ ተናጋሪው አጠገብ አስቀምጡት። መሃል ላይ እንዳይጠራ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ፤ ስታቀናብሩ ድምፁንና ምስሉን በዚያች ጭብጨባ ታገጣጥማላችሁ።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ያላችሁን ሁሉ ካሜራው ከማያየው በኩል ዘርጉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቆም በሉና እስኪያባራ ቡና ጠጡ። ከሁሉም በላይ፣ ዋናውን ከመጀመራችሁ በፊት 10 ሰከንድ ቅዱና በኢርፎን አዳምጡ። ይቺን የዘለለ ሰው ቤቱ ገብቶ ነው የሚያዝነው።

ምስሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በኋላው ካሜራ ቅረጹ። ዙም ከማድረግ ጠጋ በሉ። መስኮቱ ከተናጋሪው ፊት ወይም ጎን ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ ምስሉ ከተርገበገበ ፍሬሙን 25 አድርጉት፤ የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማዋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መብራታችሁ 60 ኸርዝ ነውና 30 ይሻላችኋል። ለቲክቶክ ስልኩን አቁሙት፣ ለረጅም የዩቲዩብ ቪዲዮ አጋድሙት፤ ይህን ከመቅረጻችሁ በፊት ወስኑ።

ስታቀናብሩ ሙዚቃውን ከንግግሩ በታች በደንብ ዝቅ አድርጉት። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ካስገባችሁ ዩቲዩብ ቪዲዮውን ሊያግደው ይችላል። ድምፅ አጥፍቶ የሚያይም አለና ንግግሩን በአማርኛ ከሥር ጻፉለት።

አሁን ዋናው ነገር። ጥራት ያለው ቪዲዮ ማለት የሚታመን ቪዲዮ ማለት ነው። የት እና መቼ እንደተቀረጸ በግልጽ ተናገሩ። የቆየ ምስል የዛሬ ነው ብላችሁ አትልቀቁ፤ አንዴ ከተነቃባችሁ ነገ እውነቱን ብትናገሩም የሚሰማችሁ አይኖርም። ፊቴ አይታይ ያለ ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያውኑ እጁን ወይም ጀርባውን ቅረጹ። «በኋላ እናደበዝዘዋለን» አትበሉ፤ ዋናው ቅጂ ስልካችሁ ውስጥ ይቀራልና ስልኩ ሰው እጅ ቢገባ ያ ሰው ተጋለጠ።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ከአያታችሁ ወይም ከሰፈራችሁ አንድ ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ በሉ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁና 2 ደቂቃ ብቻ ቅዱ። ከዚያ ስክሪኑን ሸፍናችሁ አዳምጡት። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ እናንተ ሥራውን ጀምራችኋል።

በርቱ! ለሚቀርጽ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።