ፓምፑ ለምን ተቃጠለ? ስለ ስፖርት መኪና ካምቢዮ ፓምፕ ብልሽት፣ ምርመራና ጥገና

(በማኅበራችን አዳራሽ በሙያ ትምህርት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ አባሎች፣ «ለመሆኑ በሰፈራችን ፌራሪ ያለው ማነው?» ብለው እንደ ሳቁ ሰምተናል። እውነታቸውን ነው፤ የለም። ታዲያ ይኸንን ርእስ የመረጥንበት ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ስለ ታወቀ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና መርምሮ ማዳን ለሁላችንም የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ሁለተኛ፣ የዚህ ፓምፕ በሽታ ለምርመራ ትምህርት የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ነው። ምክንያቱን ሳይፈልጉ ዕቃ ብቻ የሚቀይሩበት ጋራዥ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ይኸንን ጉዳይ በዚህ ፓምፕ ላይ የተረዳ ሰው በሞተሪኖም፣ በቤንዚን ፓምፕም ላይ ይጠቀምበታል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው አመጣጥ ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፌራሪ 640 በሚባለው የውድድር መኪናው ላይ፣ ሹፌሩ እጁን ከመሪው ሳያነሣ ከመሪው ጀርባ ያሉ ሁለት ምላሶችን እየሳበ ማርሽ የሚቀይርበትን ዘዴ አመጣ። ብዙ ሰው አይጨርስም ሲለው፣ ናይጄል ማንሰል በዚያው ዓመት በብራዚል የመጀመሪያ ውድድሩን አሸነፈበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ዘዴው ኤፍ355 በሚባለው የመንገድ መኪና ላይ ወጣ። እንደዚሁም አልፋ ሮሜዮ «ሴሌስፒድ»፣ ማዜራቲ «ካምቢዮኮርሳ»፣ ቢ.ኤም.ደብልዩ ደግሞ በኤም3 ላይ «ኤስ.ኤም.ጂ» እያሉ ተመሳሳዩን አቀረቡ። ካምቢዮ ያው የእኛው ካምቢዮ ነው፤ ቃሉን ከጣልያኖች ወርሰን በየጋራዡ ስንጠራው ኖረናል።

ብዙ ሰው ይኸ ካምቢዮ ኦቶማቲክ ይመስለዋል። አይደለም። ውስጡ ቢከፈት እንደ ማንኛውም የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮንም አለው። ልዩነቱ ምንድነው? ማርሹን የሚገፋውና ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው የሰው እጅና እግር ሳይሆን ግፊት ያለው ዘይት መሆኑ ነው። ይኸንን ግፊት የሚሰጠው ነው እንግዲህ የዛሬው ፓምፓችን።

አሠራሩን በቤታችን ውኃ እንመስለው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ፓምፕና ሮቶ አለው። ፓምፑ ሮቶውን ይሞላና ያርፋል፤ ቤተ ሰቡ ከሮቶው እየቀዳ ይጠቀማል፤ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑ እንደ ገና ይነሣል። በመኪናውም እንዲሁ ነው። በባትሪ የሚዞር ትንሽ ሞተር ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ገፍቶ አንድ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ያጠራቅመዋል። በዚህ ዕቃ ውስጥ በአንድ ወገን ናይትሮጅን ጋዝ፣ በሌላው ወገን ዘይት አለ። ዘይት ሲገባ ጋዙ እንደ ስፕሪንግ ይታመቃል፤ ማርሽ ሲቀየር ደግሞ ጋዙ ዘይቱን መልሶ ይገፋል። ግፊቱ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም በጣልያኖቹ መኪናዎች ላይ ከ40 እስከ 50 ባር አካባቢ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ከምናምን እንደሚነፋ አስቡና አስተያዩት። ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩ ሬሌውን ያዝዛል፤ ሬሌው ሞተሩን ያስነሣል ወይም ያቆማል። በብዙዎቹ የጣልያን መኪናዎች ላይ የሹፌሩ በር ሲከፈት ፓምፑ ከወዲሁ ይነሣና ለጥቂት ሴኮንድ «ዝዝዝ» ብሎ ዝም ይላል።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ባለ መኪናው ሲመጣ የሚናገረው ያው አንድ ነገር ነው፤ «ማርሽ አልገባ አለኝ፤ የካምቢዮ መብራት በርቷል»። እዚህ ላይ «ካምቢዮው አልቋል» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ካምቢዮው ራሱ ጤነኛ ሆኖ የታመመው ግፊት ሰጪው ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተራ እንሂድ።

1ኛ/ ባትሪ። ደኅና የተሞላ ባትሪ መኪናው ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ፓምፑም ይንቃቃል፣ ኮምፒዩተሩም የሐሰት ስሕተት ይመዘግባል። ባትሪ ሳያዩ ሌላውን መንካት ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያም በኮምፒዩተር የተመዘገበውን የስሕተት ቁጥር ማንበብና መጻፍ ነው፤ ሳይጽፉ አያጥፉ።

2ኛ/ ዘይት። መጠኑንና መልኩን ማየት። አለካኩ በመኪናው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ግፊት እያለና ግፊት ሳይኖር የሚለካው መጠን ይለያያልና። ጎድሎ ከተገኘ የፍሬን ዘይት መጨመር ፈጽሞ አይገባም። የፍሬን ዘይት የዚህን ሲስተም ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል፤ የመቶ ብር ቁጠባ የሺዎች ኪሣራ ይሆናል።

3ኛ/ ጆሮ። በር ተከፍቶ ወይም ቁልፍ ተከፍቶ ፓምፑ ይነሣል ወይስ አይነሣም? መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

ፓምፑ ጨርሶ ካልተነሣ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው ማለት ይቻላል። ፊውዙን እዩ፤ ሬሌውን ቁጥሩ አንድ ዓይነት በሆነ ደኅና ሬሌ ቀይራችሁ ሞክሩ። ከዚያ በፓምፑ ሶኬት ላይ፣ እንዲነሣ ታዞ ሳለ ቮልት ለኩ። ቮልት ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ሞተሩ ነው፤ ካርቦኑ አልቋል ወይም ተነክሷል። ቮልት ካልደረሰ ሞተሩን ተዉትና ወደ ሬሌው፣ ወደ ሽቦው፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ተመለሱ። አንድ ማታለያ አለ፤ ልብ በሉ። ግማሹ የተቃጠለ ሬሌ ቴስተር ሲያዩበት 12 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ሲሰጡት ግን ይወድቃል። ስለዚህ በቴስተር ብቻ አትመኑ፤ የፊት መብራት አምፑል አገናኝታችሁ ሸክም ስጡትና እንደ ገና ለኩ። አምፑሉ ከደበዘዘ ሌባው ተያዘ።

ፓምፑ እየተነሣ ግን ማርሹ ካልገባ፣ ወይም ፓምፑ በየደቂቃው የሚነሣ ከሆነ፣ ሰዓት አውጡ። አዎን፣ የእጅ ሰዓት። ሁለት ነገር ትቆጥራላችሁ፤ ግፊቱን ሞልቶ እስኪያርፍ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ፣ ካረፈም በኋላ ማርሽ ሳይነካ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ። ከዚያ ማርሽ እየቀያየራችሁ በስንተኛው ላይ እንደሚነሣ ታያላችሁ። ደኅናው ብዙ ማርሽ ያስቀይራል፤ የታመመው በአንዱ ወይም በሁለቱ ይነሣል።

ወደ ሮቶው እንመለስ። ጋዙ ያለቀበት ማጠራቀሚያ ሮቶው ወደ ጆግ እንደ ተለወጠበት ቤት ነው። ጆግ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየሠራ ነገር ግን በጣም ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ከሆነ ጥርጣሬው በማጠራቀሚያው ላይ ነው። የተቀደደ ሮቶ ግን ሌላ ነው፤ ለመሙላት ይዘገያል፣ ሞልቶም ያፈሳል። ፓምፑ ረጅም ጊዜ እየሠራ በጭንቅ የሚሞላ ከሆነ ወይ ፓምፑ ራሱ ተበልቷል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ በቫልቮቹ በኩል ዘይት ወደ ውስጥ ያልፋል። ከውጭ ጠብታ አላየንም ብላችሁ መፍሰስ የለም አትበሉ፤ የውስጥ መፍሰስ መሬት አያረጥብም።

ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ጨርሶ የማያርፍ ከሆነ ደግሞ ሬሌው ተጣብቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሴንሰርም ሊመጣ ይችላል። ይኸ አስቸኳይ ነው። ሞተሩ ለአጭር ሥራ እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመዞር አልተሠራም፤ ይቃጠላል። ወዲያው መኪናውን አቁማችሁ ሬሌውን ንቀሉ።

አሁን የንግግራችን ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል። ፓምፑ ለምን ተቃጠለ? ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፤ ጋዙ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ፓምፑ አብዝቶ ይነሣል፤ ሬሌው በእያንዳንዱ መነሣት ብልጭታ እየበላው በመጨረሻ ይጣበቃል፤ ፓምፑ ሳያርፍ ይዞርና ይቃጠላል። ታዲያ የተቃጠለውን ፓምፕ ብቻ ቀይሮ መኪናውን ማስረከብ ምን ማለት ነው? ሁለተኛውን ፓምፕ ለዚያው ገዳይ አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ፓምፕ ሲቀየር ሬሌው አብሮ ይቀየር፤ ማጠራቀሚያውም በሰዓት ተፈትኖ ደካማ ከሆነ አብሮ ይውጣ። ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሬሌ ዋጋ ከቁጥር አይገባም።

ስለ ጥገናው ሥራ እነዚህን ጠብቁ፤

ሀ/ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አስደግፉ። ማርሽ ገብቷል ብላችሁ አትመኑ። ክሪክ ብቻ ይዞ ከመኪና ሥር መግባትም ክልክል ነው።

ለ/ በመኪናው ደንብ መሠረት ግፊቱን ወደ ዜሮ አውርዱ፤ ቀጥሎም የባትሪውን ገመድ ፍቱ። እናንተ እጃችሁን ከተታችሁ ሳለ አንድ ልጅ በሩን ቢከፍት ፓምፑ ይነሣል! በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ማደር የለም።

ሐ/ የጋዙን ማጠራቀሚያ መክፈት፣ መበየድ፣ መብሳት አይቻልም። ከነሕይወቱ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

መ/ ንጽሕና። አካባቢውን ሳታጸዱ ቱቦ አትፍቱ። የአሸዋ ቅንጣት ቫልቭ ይዘጋል። የተፈቱ ጎማዎች በአዲስ ይተኩ።

ሠ/ የሞተሩ ካርቦን ብቻ ካለቀና መዳቡ ደኅና ከሆነ እንደ ሞተሪኖ ካርቦን ለውጦ ማዳን ይቻላል። ፓምፑ ከውስጥ ከተበላ ግን መለወጥ ነው።

ረ/ ከተገጠመ በኋላ የታዘዘውን ዘይት ሞልቶ አየሩን በኮምፒዩተር ማስወጣት፣ ፍሪሲዮኑንም እንደ ገና ማስለመድ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ሰዓታችሁን እንደ ገና አውጥታችሁ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ጻፉ። ይኸ ጽሑፍ ለባለ መኪናው ይሰጥ፤ ምስክር ነው።

ለባለ መኪኖችም አንድ ቃል አለን። ጆሮ የማይከፈልበት ቴስተር ነው። ጧት በሩን ስትከፍቱ፣ ቁልፍ ስትከፍቱ፣ መኪናችሁ ጤነኛ ሳለ የሚሰማውን ድምፅ ዕወቁት። ድምፁ ሲረዝም ወይም ሲደጋገም ያን ጊዜ ኑ፤ መንገድ ላይ እስክትቆሙ አትጠብቁ። መካኒኩንም «ምን ለካህ? ስንት አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ስድብ አይደለም። እናንተም ወጣቶች ስትጠየቁ አትቆጡ፤ የለካ ሰው መልስ አያጣም።

የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ ቆዩ፤ አሮጌ ሬሌና የተቃጠለ የሞተር ካርቦን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል፤ በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት።