ተደጋግሞ የሚታመም ካምቢዮና የገዢው መብት



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ለጊዜው ሲሰሙት የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን የገንዘብ፥ የሕይወትና የፍትሕ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት ከደመወዙ ቆጥቦ፥ በዕቁብና በብድር ሞልቶ የገዛው አውቶሞቢል ካምቢዮው እየታመመ ወደ ጋራዥ ሲመላለስ፥ ሻጩም በዋስትናው መሠረት «ጠግኛለሁ» እያለ ሲመልስለት፥ ሕመሙ ግን አልለቅ ሲል፥ ገዢው ምን መብት አለው? ምንስ ማድረግ ይገባዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

አስቀድመን የካምቢዮን ሥራ ባጭሩ እንመልከት። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ኃይል እንደ መንገዱ ሁኔታ መጥኖ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ዳገት ሲሆን ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል፤ ሜዳ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱን ቀንሶ ፍጥነቱን ያበዛል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ፤ ሥራውም ማርሽ በሚለወጥበት ጊዜ ሁለቱን ማለያየትና መልሶ ማገናኘት ነው። እነዚህ ክፍሎች ያልተስማሙ እንደሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ከንቱ ነው። መኪናው ይንቀጠቀጣል፥ ነዳጅ ሲሰጡት ይዘገያል፥ አንዳንድ ጊዜም ከኋላው ከባድ የጭነት መኪና እየመጣ ሳለ ጉልበት አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ የካምቢዮ ብልሽት የምቾት መጓደል ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚያሰጋ ነው።

ነገርን በምሳሌ ማስረዳት የአባቶቻችን ልማድ ነውና፥ በሩቅ አገር የደረሰ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላቅርብላችሁ። ዓመቶቹንም በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ፎርድ የተባለው ስመ ጥር የአውቶሞቢል ፋብሪካ ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ገደማ በአውስትራሊያ ፊየስታ፥ ፎከስና ኢኮስፖርት ተብለው ከሚጠሩት መኪናዎቹ በብዙዎቹ ላይ «ፓወርሺፍት» የሚባል ካምቢዮ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ይህ ካምቢዮ ሁለት ፍሪሲዮኖች አሉት። አንደኛው አንደኛ፥ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሾችን ያገናኛል፤ ሁለተኛው ሁለተኛ፥ አራተኛና ስድስተኛ ማርሾችን ያገናኛል። መኪናው በአንደኛ ማርሽ ሲሄድ ሁለተኛው ማርሽ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የማርሹ ለውጥ ዐይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ድረስ እንኳ አያቆይም። አሽከርካሪው በእግሩ የሚረግጠው የፍሪሲዮን ፔዳል የለም፤ ይህን ሁሉ የሚያዝዘው አንድ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎም ተመስግኖ ነበር።

ይሁን እንጂ ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ የሚሠሩ ሳይሆኑ ደረቅ ነበሩ። ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው ቀለበት ሲያፈስ፥ ዘይቱ በፍሪሲዮኑ ሸራ ላይ እየወረደ መኪናውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። የሸራው ሥሪት ራሱም ለመንቀጥቀጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። በመቆጣጠሪያውም ውስጥ የሽቦ ብየዳው እየተሰነጠቀ ካምቢዮው ትእዛዝ የሚያጣበት ጊዜ ነበር። በአገሪቱ ከተሸጡት 70 ሺህ ያህል መኪናዎች መካከል ግማሽ የሚሆኑት ለዚሁ ጉዳይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥገና አስፈልጓቸዋል።

አድማጮቼ፤ ማናቸውም ፋብሪካ ሊሳሳት ይችላል፤ መሣሪያ የሰው እጅ ሥራ ነውና። ዋናው ነገር ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የተደረገው ነው። ደንበኞቹ «መኪናችን ይንቀጠቀጣል» እያሉ ሲያመለክቱ ብዙ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «አነዳድዳችሁ ነው» የሚል ነበር። የሚረግጡት የፍሪሲዮን ፔዳል ሳይኖር ፍሪሲዮኑን በእግራችሁ አበላሻችሁት መባል እንዴት ያለ ነገር ነው? ከዚህም በላይ ሕመሙ መጣ ሄድ የሚል መሆኑ እየታወቀ፥ ጥገና እንዲደረግላቸው ከፈለጉ በባለሙያው ፊት መንቀጥቀጡን በዚያው ሰዓት እንዲያሳዩ ይጠየቁ ነበር። በሽታው ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚተወውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪናም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ተጠግኖ ላልዳነ መኪናም ገንዘቡን መመለስ ወይም ያለ ክፍያ ሌላ መለወጥ በአብዛኛው እምቢ ይባል ነበር፤ ለውጥ የተፈቀደለት ደንበኛም ቢሆን እንደ ደንቡ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍል ነበር።

በመጨረሻም የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረበው። ፍርድ ቤቱም ሚያዝያ 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ኩባንያው ከሚያዝያ 2007 እስከ የካቲት 2008 ዓ.ም. ድረስ ደንበኞቹን ያስተናገደበት አኳኋን ከኅሊና ውጭ የሆነ ነው ብሎ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከዚያም ገዢዎቹ በአንድነት ባቀረቡት ሌላ ክስ ፍርድ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. የካምቢዮውን ጉድለቶች አንድ በአንድ መርምሮ ካረጋገጠ በኋላ፥ ክርክሩ በይግባኝ ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. እስከ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ፍርዱ የተገኘው በጩኸት ብዛት አይደለም፤ በጽሑፍ ነው። መኪናው በየትኛው ቀን ወደ ጋራዥ እንደገባ፥ ደንበኛው ምን ብሎ እንዳመለከተ፥ ባለሙያው ምን እንዳገኘና ምን እንደለወጠ የሚናገሩ ወረቀቶች ባይኖሩ ኖሮ፥ እያንዳንዱ ገዢ ብቻውን የሚያጉረመርም ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩን ወደ ቁጥር ያመጡት አሉ። አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ተጠግኖ የማይድን መኪና «ሎሚ» ብለው ይጠሩታል። በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ዕለት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር የፍቅር ምልክት ሲሆን፥ በእነርሱ ዘንድ ግን ጣዕሙ ፊትን የሚያኮማትር ክፉ ግዢ ማለት ነው። የኮኔክቲከት ግዛት በ1974 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፥ አዲስ መኪና ለአንድ ዓይነት ጉድለት አራት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፥ ወይም በጥገና ምክንያት በጠቅላላው 30 ቀን ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ፥ ፋብሪካው በቂ ዕድል እንደተሰጠው ይቆጠራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይበቃል። የእነዚህ ሕጎች ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ጠጋኙ የመሞከር መብት አለው፤ ነገር ግን ያለ ገደብ የመሞከር መብት የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ገዢው ያለ መከታ የቀረ እንዳይመስለን። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ መብት ግን ለሚተኛ ሰው አይደለም። ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመር፥ ጉድለትም ባገኘ ጊዜ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀበትም ጊዜ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ካላቀረበ፥ ሻጩ ሊያታልለው አስቦ ያደረገው ካልሆነ በቀር፥ መብቱን ያጣል።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ። «ለሳምንት ተመለስ»፥ «መለዋወጫው ገና አልመጣም»፥ «እስኪ ጥቂት ነድተህ እየው» በሚሉ ትሑት ቃላት አንድ ዓመት እንዴት ፈጥኖ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ፋብሪካው የሰጠው ዋስትናም ቢሆን በዘመንና በኪሎ ሜትር የተወሰነ ነው። ገዢው በይሉኝታ ሲመላለስ ዘመኑም ኪሎ ሜትሩም ይሮጣል። በመጨረሻም ዋስትናው ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፥ የዋስትናውን ወረቀት መኪናው ከመታመሙ አስቀድሞ ማንበብ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ዕቃ ነው ተብሎ ብዙውን ጊዜ ከዋስትና ውጭ ይደረጋል፤ ነገር ግን ሸራው ያለቀው የዘይት ቀለበት አፍስሶበት ከሆነ፥ ነገሩ የአገልግሎት ብዛት ሳይሆን የሌላ ጉድለት ውጤት ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሁለተኛ፥ መኪናው ወደ ጋራዥ በገባ ቁጥር ቀኑ፥ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፥ ያመለከትነው ሕመም፥ የተገኘው ጉድለትና የተለወጠው ዕቃ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መቀበል ነው። «ታይቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ የያዘ ወረቀት አይበቃም። ሕመሙም በደፈናው «ካምቢዮው እምቢ አለ» ተብሎ አይነገር። ሞተሩ ሲሞቅ ነውን ሲቀዘቅዝ? ወደ እንጦጦ ሲወጣ ነውን ወይስ በመገናኛ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲንፏቀቅ? ከስንተኛ ወደ ስንተኛ ማርሽ ሲያልፍ? ተብሎ ይጻፍ። በዛሬው ጊዜ የእጅ ስልክ ድምፅንም ምስልንም ስለሚቀርጽ፥ አብሮ የተቀመጠ ሰው ሕመሙ በሚመጣበት ጊዜ ቢቀርጸው፥ በባለሙያው ፊት የሚጠፋውን መንቀጥቀጥ ምስክር ያደርገዋል።

ሦስተኛ፥ ያው ጉድለት ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ለሻጩ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ይህ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ምን ያስቸግራል? ቀኑን ሙሉ ስንጽፍ የምንውል፥ አንድ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ካልተሰጠው እንዳልተጻፈ የምንቆጥር ሰዎች፥ የቤተ ሰባችንን ጥሪት የፈጀው መኪና ሲበላሽ ግን በስልክና በቃል ብቻ እንለምናለን። ደብዳቤው በሁለት ቅጅ ይዘጋጅ፤ ሻጩ በአንደኛው ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎና ፈርሞ ይመልስ። አልቀበልም ቢል በአደራ ፖስታ ይላክ። ጥገናው በዚሁ ቢቀጥል እንኳ የዓመቱ ገደብ ከመድረሱ በፊት ሕግ ዐዋቂ ማማከር ይገባል።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የአሽከርካሪው ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮን ባለው መኪና ላይ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ የሚነዳ፥ በዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን መኪናውን አንጠልጥሎ የሚያቆም፥ መኪናው ሳይቆም የኋላ ማርሽ የሚያስገባ፥ የካምቢዮውንም ዘይት በጊዜው የማያስለውጥ ሰው ሸራውንና ማርሾቹን ራሱ ይገድላቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሻጩን ቢከስ ፍትሕ አይደለም። ጋራዡም «አነዳድዱ ነው» ብሎ በማስረጃ ቢያሳይ ልንቀበለው ይገባል። የምንቃወመው ማስረጃ ሳይቀርብ፥ ሳይፈታና ሳይመረመር የሚሰጠውን መልስ ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም የበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፥ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ብዙ ዘመን ማገልገላቸው አይቀርም። እያንዳንዱ ካምቢዮ ያለፈ ታሪኩን ይዞ ይሸጣል። ስለዚህ ገዢው ከሊብሬው ጋር የጥገናውን ወረቀቶች ይጠይቅ፤ መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅም ከሞቀ በኋላም፥ በሜዳም በዳገትም ነድቶ ይፈትን፤ የሚያምነውንም መካኒክ ይዞ ይሂድ። ሻጩም የሚያውቀውን ጉድለት ይግለጽ፤ ገዢው ዐውቆ የገዛው ጉድለት ኋላ የክርክር ምክንያት አይሆንምና፥ እውነት መናገር ሻጩንም ይጠቅመዋል።

አድማጮቼ፤ ዋስትና የቸርነት ስጦታ አይደለም። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ የተከፈለ የውል ቃል ነው። ቃሉ እንዲፈጸም መጠየቅ ጠበኛነት አይደለም፤ በትሕትና፥ ግን በጽሑፍና በጊዜው መጠየቅ የጨዋ ሰው ተግባር ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ሲበዛ ሻጩም የሚሸጠውን መርምሮ ይሸጣል፤ ጋራዡም የሚጠግነውን አጥብቆ ይጠግናል፤ በመንገድ ላይ የሚተላለፈውም ሕዝብ በሰላም ይገባል።